ጫፉን ብቻ

ዲላ ውስጥ ባለፉት አሥራ ሦስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት ስንቱ በእኔ ብርድ ልብስ እንደ ተጠቀለለ ቆጥሬ አላውቅም። ብዙ ነው። አንዱንም እንዳልሠራሁት ግን በደንብ አውቃለሁ።

ይህን የምናገረው ንስሐ ልግባ ብዬ አይደለም። ንስሐውንማ ገብቼ ነበር፤ የሚቀበለኝ ጠፋ እንጂ። ወደዚያ እመጣለሁ።

የሚሠራው ባሌ ነው። ሃምሳ አለቃ ይርጉ፤ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሲያስነጥስ የጎረቤት ውሻ አልጋ ሥር የሚገባለት ሰው። ሥራ ላይ ሳለ ወደ ጨለለቅቱ ሲሄዱ መኪናቸው ተገለበጠና ጭኑ ተሰበረ። አራት ወር ሙሉ እግሩን አንጠልጥለውለት ተኛ። እጁ ሥራ ፈቶ ስለዋለ አፉ ሥራ በዛበት፤ ሐኪም የለ፣ ጽዳት የለ፣ ጠያቂ የለ፣ ሁሉን ይቆጣል። ይሄ የሰለቻት አንዲት ነርስ ሁለት የሹራብ መርፌና አንድ ጥቅል የሱፍ ክር አምጥታ ደረቱ ላይ ጣለችለት። «ወይ ይሄን ይሥሩ፣ ወይ ዝም ይበሉ» አለችው። ይርጉ ደግሞ ትእዛዝ ይወዳል። በክራንች ተደግፎ ቤት ሲመለስ የብርድ ልብሱን አካል በሁለት መርፌ መሥራት፣ ዙሪያውን ደግሞ በኪሮሽ ዳንቴል ማልበስ ተምሮ ነበር።

የመጀመሪያዋን ብርድ ልብስ የጨረሰ ሰሞን ጎረቤታችን ወለደች። አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ምንም አልነበረኝም። ብርድ ልብሷን አጥፌ ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ገንፏቸውን ትተው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሏት፣ ዳንቴሉን በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ። «ማነው የሠራው?» አሉ። «እቤት ነው የተሠራው» አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ግን እቤት የሚሠራ ነገር ሁሉ የሴት እጅ ሥራ ነው ብለው ያደጉ ሴቶች ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። እልል አሉልኝ። እልልታ ላይ ተነሥቶ «ቆይ፣ ቆይ» የሚል ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ይርጉ ይቆጣል ብዬ ነበር። ይልቅ ፊቱ ገረጣ።

«እኔ መሆኔን አልተናገርሽም አይደል?»

«አልተናገርኩም።»

«ተመስገን። በቃ እንደዚያው ተይው። ሃምሳ አለቃው ክር ታቅፎ ዋለ የተባለ ቀን ጣቢያ ምን ፊት ይዤ እገባለሁ?»

እንደዚያው ተውነው። ከዚያ ወዲህ ይርጉ በሩን ዘግቶ ይሠራል። የግቢው በር ሲንኳኳ ሥራውን እኔ ጭን ላይ ወርውሮ መጽሐፍ ቅዱሱን ያነሣል። እኔም መርፌዎቹን ይዤ እንግዳ እቀበላለሁ። አንዳንዴ ገልብጬ እይዛቸዋለሁ፤ ማንም ልብ ብሎ አያውቅም። ሰው የሚያየው ያመነውን ነው መሰለኝ።

ስሜን የሠራችልኝ ግን ሩቂያ ናት። ገበያው መግቢያ ላይ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች፤ በክር ጉዳይ እሷ ካለች አለቀ። ብርድ ልብስ ስታይ ፊቱን አታይም፤ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምትመረምረው። «ፊቱንማ ማን ያቅተዋል?» ትላለች። የእኔን፣ ማለቴ የይርጉን፣ የገለበጠች ቀን «ፀጋ፣ እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። በሳምንቱ ከጪጩ ትእዛዝ መጣ። ከዚያ ከይርጋጨፌ። ከቡሌም መጣ፤ እዚያስ ብርዱ እውነት ነው። ዲላ ሞቃት ናት፤ ሕፃን ግን በእኛ ዘንድ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡትም ብርድ ይመታዋል ተብሎ ስለሚታመን ገበያው አልቀነሰም።

ሙገሳ ደግሞ ይለመዳል። መጀመሪያ ላይ ሲያመሰግኑኝ አቀረቅር ነበር። ትሕትና ነው አሉ። በኋላ «እንግዲህ ጌታ የሰጠኝ ነው» ማለት ጀመርኩ። ጌታ ለይርጉ የሰጠውን ነው እንግዲህ እኔ የምመሰገንበት።

ባለፈው ዓመት ይርጋጨፌ አግብታ የምታስተምረው ብቸኛ ልጃችን ሳሮን አረገዘች። ይርጉ ሩቂያ ዘንድ ልኮኝ ወተት የመሰለ ነጭ ክር አስመጣ። እንደ ሌላው ጊዜ አልቸኮለም። አንድ መስመር ሠርቶ ሁለት መስመር ይፈታል። አንድ ከሰዓት አጠገቡ ሽንኩርት ስከትፍ መርፌውን አስቀመጠና አየኝ።

«ፀጋ፣ ይሄኛውን የምሰጣት እኔ ነኝ። በሰው ፊት፣ እኔ ሠራሁት ብዬ።»

«ሰው ቢስቅብህስ?»

«ይሳቅ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ የሰጠሁሽን ሁሉ ይባርክልሽ፤ አልጠይቅሽም። የልጅ ልጄ ግን አያቱ ምን እንደ ሠራለት ይወቅ።»

አለቀስኩ። በሽንኩርቱ አሳብቤ ነው እንጂ አለቀስኩ። «ይገባሃል» አልኩት፤ ከልቤ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኤልቤቴል መጣች። የአንድ ፕሮጀክት አስተባባሪ ናት፤ የሳሮን እኩያ፣ ፈጣን፣ ቁጭ ሳትል የምታወራ ልጅ።

«እትዬ ፀጋ፣ እርስዎ እኮ ለሴቶቻችን ሮል ሞዴል ነዎት! ሃያ አምስት ሴቶች፣ ሦስት ቀን፣ ሁሉም ነገር ፕራክቲካል። ያሠልጥኑልን።»

«ልጄ፣ እኔ እንኳ ማስተማር አልችልበትም...»

«እዚህ ጋ ትሕትና የለም!» አለችና ስሜን ጻፈች። ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ይርጉ ነበር።

ሦስት ሳምንት ነበረን። ይርጉ ምልምል ያሠለጠነ ሰው ነውና ሥልጠናውን በዚያው ወግ ጀመረው። «ግራ! ቀኝ! አሳልፊ! ሳቢ! አትሳቢ አላልኩሽም?» ይላል። ጪጩ እንሰት ስፍቅ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ጉልበት እንጂ ልስላሴ አያውቅም። ክሩን ስስበው ይቆለፋል፣ ስለቀው ይሾልካል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የሠራሁትን ይርጉ አነሣና እንደ ሩቂያ ጀርባውን ገልብጦ አየው። «ለድስት መያዣ ይሆናል» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ድስቱ ካልፈላ» አለ።

የሥልጠናው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞላ። ሩቂያ ክሩን ይዛ መጥታ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ይርጉ በጸሎት እንዲከፍት ተጠርቶ ነበርና ተነሥቶ ጸለየ። ለአገር ጸለየ፣ ለዝናብ ጸለየ፣ ለቡናው ጸለየ፣ ለመንገደኞች ጸለየ። ሽማግሌ ሆኖ እንደዚያ ሲረዝምበት ሰምቼ አላውቅም። ጊዜ እየገዛልኝ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን አሜን መባሉ አልቀረም።

«አሁን በቀጥታ ወደ ፕራክቲካል!» አለች ኤልቤቴል።

መርፌዎቹን አነሣሁ። ሃያ አምስት ሴት የራሷን መርፌ ይዛ እጄን ታያለች። የመጀመሪያዋን መስመር ላብ በላብ ሆኜ ጨረስኩ። ሁለተኛዋ ላይ አንዷ የክር ቀለበት ከመርፌው አመለጠችኝ፣ እሷን ሳሳድድ ሌሎቹ ተከተሏት፣ መጨረሻ ላይ ባዶ መርፌ ይዤ ቀረሁ። ሩቂያ አንገቷን አሰገገች። ያኔ ድክም አለኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መሸከሜን ያወቅኩት ያኔ ነው። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«እህቶቼ፣ አልችልም። ችዬም አላውቅም። ያያችሁትን ሁሉ የሠራው እሱ ነው» አልኩና ይርጉን አሳየኋቸው።

ዞረው አዩት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ የተከሰሰ ሰው ይመስል ተቀምጧል። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሣቁ ሲበርድ ይርጉ ተነሣ፣ እያነከሰ መጣ፣ አጠገቤ ቁጭ አለና መርፌውን አንሥቶ ያመለጡትን ቀለበቶች አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚያ እጁን ሳያይ መሥራት ጀመረ። እየሠራም የአደጋ ሪፖርት በሚያቀርብበት ድምፅ ተናገረ።

«ጭኔ የተሰበረ ዓመት ነው። ሐኪም ቤት ተኝቼ ነርስ አስተማረችኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። እሷ አንዱንም አልሠራችም። ቃሌ ይኸው ነው።»

አሁን ይሰድቡኛል፣ ይገባኛልም ብዬ ጠበቅኩ። ሩቂያ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ወላሂ እንዲህ ያለ ባል!» አለች። «ሚስቱ ብትደነግጥ ጊዜ ውርደቷን እራሱ ላይ ወሰደው!»

እልልታው አዳራሹን አናጋው። «አይደለም፣ ስሙኝ እንጂ...» አልኩ፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ይርጉም «ቃሌ ነው እያልኳችሁ!» ብሎ ጮኸ፤ የባሰ እልል አሉለት። ኤልቤቴል ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችን። «እትዬ ፀጋ፣ ባለቤትዎን ሳይቀር አሠልጥነዋል እኮ!» አለች። ሪፖርቷ ላይ የወንዶች ተሳትፎ የሚል ቦታ ነበርና ባዶውን ሊሄድባት ሲያሳስባት ከርሞ ነበር። አሁን ሞላላት።

ሦስቱን ቀን ያሠለጠነው ይርጉ ነው። ሴቶቹ ከእሱ ይማሩና ወደ እኔ ዞረው «እትዬ ፀጋ፣ ትክክል ነው?» ይሉኛል። ይርጉን አየዋለሁ። አንገቱን ይነቀንቃል። «ትክክል ነው» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። ግድግዳ ላይ የሰቀለው ራሱ ይርጉ ነው፤ ተንጋደደ ብሎ ሁለቴ አስተካከለው።

ተናደደ ብላችሁ ካሰባችሁ አልተናደደም። ራት ላይ በሣቅ ሊሞት ነበር። «ቃሌን ሰጠሁ፤ የሚያምነኝ ጠፋ። ፋይሉ ተዘግቷል» አለ። ከዚያ ሣቁን አቆመና «የልጅ ልጄን ብርድ ልብስ ግን ማንም አይቀማኝም» አለ።

ከዚህ በኋላ በረንዳ ላይ ወጥቶ በአደባባይ ይሠራ ጀመር። የእኔ ተማሪ ሆኗላ፤ ምን ያሳፍረዋል? የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ ሲያልፉ «ጋሽ ይርጉ፣ በርቱ! እየለመዱ ነው!» ይሉታል። «እየሞከርን ነው» ይላቸዋል። ነጩ ብርድ ልብስ እዚያው በረንዳ ላይ አለቀ። ዳንቴሉን ሲጨርስ ጠራኝና አሳየኝ። እንደዚያ ያለ ነገር ከእጁ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ሳሮን ለመውለድ እኛ ዘንድ መጣች፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። በሳምንቱ አማቷ እትዬ አትጠገብ ከይርጋጨፌ መጡ። ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሰውን ከጫማው ጀምረው ወደ ላይ የሚያዩ ሴት ናቸው። የመጡ ዕለት ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል፤ ሩቂያም አለች። ይርጉ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባት አሥሮ ከጓዳ ወጣ። ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ይዟል።

«ይህን ለልጄ ልጅ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

ሳሮን ከልጅነቷ ጀምሮ እውነቱን የምታውቅ ናትና ሕፃኗን ታቅፋ አለቀሰች። ማንም አልሳቀም። ማንም አልተከራከረም። ሆነለት ብዬ ደስ አለኝ።

እትዬ አትጠገብ ብርድ ልብሱን ተቀብለው ዳሰሱት።

«መልካም ነው» አሉ። «ብቻ ይገርማል። እኔ ለልጅ ልጄ አስተማሪዋ ትሠራላታለች ስል ተማሪው ሠራላት። ፀጋ ለአገሩ ሁሉ ስትሠራ ኖራ ለገዛ ሥጋዋ እጇ ዛለ?»

ጠያቂው ሁሉ ገንፎው ላይ አቀረቀረ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ሩቂያ ግን ጓደኛዬ ናትና አላስቻላትም። ብርድ ልብሱን ከሴትዮዋ ተቀብላ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አየችው፣ ዳንቴሉን በጣቷ ተከትላ ዞረች።

«እንዴ እትዬ አትጠገብ! አካሉ የጋሽ ይርጉ ነው፤ ጎበዝ፣ ደህና አድርጎ ተምሯል። ይሄ ጫፍ ግን የተማሪ እጅ አይደለም። ይሄን እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ብዳስሰው አውቀዋለሁ። ፀጋ፣ ያንቺ ነው አይደል?»

ሁሉም አዩኝ። ሳሮን አየችኝ። ይርጉ እየሣቀ ነበር የሚያየኝ፤ ምንም አልሰጋም። ሃያ አምስት ሴት ፊት ቆሜ የተናዘዝኩ ሰው አይደለሁ? እኔን ጠርጥሮ አያውቅም።

«አዎ» አልኩ። «ጫፉን ብቻ።»

ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ ስሜን ልጥል ቆርጬ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ለአንዲት አማት አሽሙር ብዬ የባሌን ሰረቅኩ። ካሁን በፊት የወሰድኩት ሁሉ የሰጠኝ ነበር። ይሄ ግን ስርቆት ነው። ቃሉ ገና ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩ፤ ግን ወጣ።

ሩቂያ «አላልኳችሁም!» አለች። እትዬ አትጠገብ «እሱማ እኔም ጠርጥሬያለሁ» አሉ። ይርጉ ለጥቂት ጊዜ ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ከረባቱን ነካ አደረገ።

«ልክ ነው» አለ። «ጫፉ የእሷ ነው።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ይቅርታ ልጠይቀው ሞከርኩ። «ምን አጠፋሽ?» አለኝና ሬዲዮኑን ከፈተ። ሳሮን ግን ገንፎ ይዤላት ስገባ ሳህኑን ተቀበለችኝና ፊቷን ወደ ሕፃኗ አዞረች። «እማዬ፣ አንዱን እንኳ ብትተዪለት ምን ነበረበት?» አለች።

ከወር በኋላ ከጨለለቅቱ ትእዛዝ መጣ። ይርጉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንደ ወትሮው ሠራ። ትናንት በስቲያ ከገበያ ስገባ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ወንበሬ ላይ አስቀምጦታል። ዙሪያው ባዶ ነው። ላዩ ላይ ኪሮሹና አንድ ጥቅል ክር ተቀምጧል።

«ይሄ አላለቀም እኮ» አልኩት።

«የእኔ ድርሻ አልቋል» አለ።

ሣቅኩ። እሱ አልሣቀም። አልተቆጣምም፤ ሻይ ቀድቶ አመጣልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ዳንቴሉ ዙሪያውን የሚዞሩ ትንንሽ ቅጠሎች ናቸው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ስወደስባቸው ኖሬ ስንት እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ጠየቅኩት። ዘጠና ስድስት ናቸው። ጫፉን ብቻ ያልኩት ይሄንን ነው።

ብርድ ልብሱ የታዘዘለት ልጅ ትናንት ተወልዷል፤ አባትየው ሁለቴ ደውሏል። ሩቂያም ብቅ ብላ «ምነው ዘንድሮ እጅሽ ከበደ?» ብላኝ ሄደች። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁ። ጣቴ ቆስሏል። ዛሬ ከምሳ በኋላ የመጀመሪያዋን ቅጠል ጨረስኩና ይዤለት ሄድኩ። ይርጉ መነጽሩን አደረገ፣ ገልብጦ ጀርባዋን አየ፣ መለሰልኝ።

«ፍቺው» አለኝ።